የብረት እጅ የሠራ ሰው
የሄንሪ ሞድስሊ አጭር የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ብሎንና ዳዶ የሚገዛ ሰው ሁለቱ ይገጥሙ ይሆን ወይ ብሎ አይጨነቅም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ግን እያንዳንዱ ብሎን በሠሪው እጅ እየተሞረደ ይወጣ ስለ ነበረ፥ የአንዱ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይሆንም ነበር። ይህን ችግር ካስወገዱት ሰዎች መካከል ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚነሣው ሄንሪ ሞድስሊ የተባለው እንግሊዛዊ ነው።

ሞድስሊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ በዉሊች ተወለደ። አባቱ ቆስሎ ከውትድርና የተሰናበተና በመንግሥት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ዕቃ ጠባቂ የሆነ ሰው ነበር። ልጁም በ12 ዓመቱ በዚያው ግምጃ ቤት ባሩድ እየሞላ እንጀራውን መብላት ጀመረ። ቀጥሎ ወደ አናጢዎች ክፍል ተዛወረ፤ ልቡ ግን ከብረት ጋር ስለ ነበረ በ15 ዓመቱ ከቀጥቃጮች ጋር ተቀላቀለ።

የእጁ ብልኀት ስለ ተሰማ፥ ጆሴፍ ብራማ የተባለው ዝነኛ ቁልፍ ሠሪ በ18 ዓመቱ ቀጠረው። የብራማ ቁልፍ እጅግ የረቀቀ ከመሆኑ የተነሣ በእጅ ሲሠራ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ሞድስሊ ክፍሎቹን በትክክል የሚያወጡ መሣሪያዎች አበጀለት። ያለ መክፈቻው ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ ሽልማት ተመድቦለት በሱቁ መስኮት የተቀመጠውን ቁልፍ እስከ 1851 ዓ.ም. ድረስ የከፈተው አልተገኘም።

ይሁን እንጂ የሞድስሊ ደመወዝ በሳምንት ከ30 ሽልንግ አላለፈም። በ1797 ዓ.ም. የቤተሰብ አባት ነበረና ጭማሪ ጠየቀ፤ ብራማም እምቢ አለው። ስለዚህ ወጥቶ በለንደን የራሱን ትንሽ የሥራ ቤት ከፈተ። ጌታው ጥቂት ሽልንግ ለማዳን ሲል የዘመኑን ታላቅ ባለ እጅ አጣ።

የሞድስሊ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ ቀድሞ ባለ ቶርኖው ስለቱን በእጁ ይዞ በሚሽከረከረው ብረት ላይ ይጫን ነበር። እጅ ይደክማል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራውም አብሮ ይጣመማል። ሞድስሊ ስለቱን በብረት መያዣ ውስጥ በብሎን አጥብቆ አሠረውና መያዣው ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ እንዲንሸራተት አደረገ። በ1800 ዓ.ም. ገደማም መያዣውን የሚነዳውን ረጅም ብሎን ከማሽከርከሪያው ጋር በጥርስ አያያዘው፤ ጥርሱን በመለወጥ ብቻ የፈለገውን ዓይነት ብሎን ማውጣት ቻለ። ሐሳቡ ከእሱ በፊት ለሌሎችም ታይቷቸው ነበር፤ እሱ ግን ሁሉን በጠንካራ ብረት ሠርቶ ለዕለት ሥራ አበቃው። ዛሬም በቤቱ ትንሽ ቶርኖ ወይም ፍሬሳ አቁሞ፥ ስለቱን ቶሎ ነቅሎ ቶሎ የሚተካበትን መያዣ ለራሱ የሚያበጅ ሰው የሚያስጨንቀው ይኸው የሞድስሊ ጥያቄ ነው፤ ስለቱ ሳይነቃነቅ እንዴት ይያዝ?

ቀጥሎም ማርክ ብሩኔል በነደፈው መሠረት፥ ለመርከብ ገመድ መዘውር የሚሠሩ 45 ያህል መሣሪያዎችን በፖርትስመዝ ላለው የባሕር ኃይል ሠራ። በ1808 ዓ.ም. በዓመት 130,000 መዘውር ይወጣ ጀመር። 110 ባለ እጆች ይሠሩት የነበረውንም 10 ሰዎች ሠሩት። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። መርከቡ ተጠቀመ፤ የቀሩት መቶ ሰዎች ሙያ ግን ዋጋ አጣ። መሣሪያን የሚያመሰግን ሁሉ ይህንንም መቁጠር አለበት።

ሞድስሊ በላምቤት ባቆመው ፋብሪካ የኢንች አንድ አሥር ሺኛን የሚለይ መለኪያ ነበረው። በሥራ ላይ ክርክር ሲነሣ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጥ እሱ ስለ ነበረ በታላቁ ዳኛ ማዕርግ ይጠሩት ነበር። ዊትወርዝ፥ ናስሚዝ፥ ሮበርትስና ክሌመንት የተባሉት ስመ ጥር መሐንዲሶች ሁሉ ከእሱ ዘንድ ሠርተዋል።

በ1831 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ሲመለስ ብርድ መታውና በየካቲት ወር ዐረፈ። በተወለደባት በዉሊች ተቀበረ።

እኛ በመጽሐፍ የምንውል ተማሪዎች ከዚህ ሰው የምንማረው አለን። ባሩድ ሲሞላ ያደገው ልጅ ያስተማራቸው መሐንዲሶች ዕውቀቱን ያገኙት ከሞርሳው አጠገብ ቆመው ነው። እጁን ዘይት እንዳይነካው የሚሸሽ ምሁር፥ የሚቀመጥበትን ወንበር ማን እንደ ሠራው እንኳ ሳያውቅ ይሞታል።