ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከኳስ ሜዳ እስከ ዓለም ጉባኤ

በጎጃም ደጋ ያደገ ሁሉ የገና ጨዋታን ያውቃል። ሩሯ መሬት ከነካች በኋላ ጌታና ሎሌ የለም፤ ጌትዬው ቅልጥማቸውን ቢመቱ እንኳ ቂም አይያዝም። በሜዳ ላይ ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚለውን ይህን የአባቶች ደንብ ይዘው በዓለም የእግር ኳስ ጉባኤ ፊት የተሟገቱ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኚህ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ፊሽካ ይዘን የምንቆም ዕጩ መምህራን ስለሆንን፣ የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ ማቅረቡ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አቶ ይድነቃቸው በመስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ልጁ ግን የተጠሩት ለዜማ ሳይሆን ለኳስ ሆነ።

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ ሠፈር የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሲመሠረት አቶ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ጦር ከተማዋን ያዘ። ወራሪው በከተማው ኑሮ ላይ የዘረጋውን የቀለም አጥር በኳስ ሜዳም ላይ ዘረጋ፤ ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ብቻ እንዲጫወት ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ ጣልያኖች ባወጡለት ስም እንዲጠራ ተደረገ። እንግዲህ አቶ ይድነቃቸው ኳስን የለመዱት በዚህ ዓይነት ዘመን ነው። ሰው በቆዳው ቀለም ከሜዳ ሲገፋ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ በልጅነታቸው አዩት።

ከነፃነት በኋላ የተጫዋችነት ዘመናቸው አበበ። ለ23 ዓመታት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሌላ ማልያ አልለበሱም። በ365 ጨዋታዎች 318 ጎሎች ማስቆጠራቸው ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ያን ጊዜ ተጫዋች በኳስ አይበለጽግም፤ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው የሚጫወተው። እሳቸውም ገና ተጫዋች ሳሉ የአገሪቱን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙትና ከመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ቀን ቢሮ፣ ማታ ሜዳ ማለት ይኸው ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1949 ዓ.ም. ነው። በየካቲት ወር በካርቱም የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። ወዲያውም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊካሄድ ሆነ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አናመጣም አሉ፤ ከፈለጋችሁ ነጮችን ብቻ፣ አለዚያም ጥቁሮችን ብቻ እንልካለን የሚል ነበር ሐሳባቸው። አቶ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው አልተቀበሉትም። ገና በተወለደ፣ አራት አባል ብቻ ባለው ማኅበር ውስጥ አንዱን አባል ማስወጣት ቀላል አልነበረም። ሆኖም አደረጉት፤ ውድድሩም በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ዋንጫውን ግብፅ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች።

ኢትዮጵያ ተራዋን ያገኘችው በ1954 ዓ.ም. ነው። በጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን ሁለት ጊዜ በግብፅ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። ከዚያ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጎል አከሉና ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የኤርትራዊት እናትና የጣሊያናዊ አባት ልጅ ነበር። ጣልያኖች በቀለም ከከፈሉት ሜዳ ላይ ያደጉት አሠልጣኝ እንዲህ ካለ አምበል ጋር ዋንጫ ማንሣታቸው ለኛ ትርጉሙ ብዙ ነው።

ትግሉ በዚህ አላበቃም። በ1958 ዓ.ም. ለተደረገው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ አልተሰጣትም ነበር፤ አሸናፊዋ ከእስያና ከኦሺንያ አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረባት። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ይህን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ውጤቱ ወዲያው ታየ፦ በ1962ቱ ዋንጫ አፍሪካ አንድ የተረጋገጠ ቦታ አገኘች፣ በ1974ቱ ደግሞ ሁለት። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። አፓርታይድን የሙጥኝ ያለችው ደቡብ አፍሪካም በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ በተደረገው ጉባኤ ከዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተባረረች።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ። የደከሙለትን ፍሬ ለማየት አልታደሉም። ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም እግር ኳስ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. በራሷ ሜዳ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ጥቁሩም ነጩም ባንድ ማልያ ነበር የተሰለፈው። በካርቱም የተጠየቀው እኮ ይኸው ነበር፤ ለመልሱ 39 ዓመት ፈጀ።

እኛስ? በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁለት ጎበዞች ቡድን ሲመርጡ ማን መጨረሻ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን። ጫማ የሌለው፣ እረኛ ሆኖ ያረፈደው፣ አነጋገሩ የሚሳቅበት፣ ሴት ልጅ። መምህሩ ዝም ካለ እዚያች የጨርቅ ኳስ ሜዳ ላይም አጥር ይበቅላል። አቶ ይድነቃቸው በጉባኤ አዳራሽ ያፈረሱትን አጥር በየትምህርት ቤታችን ሜዳ እንዳይበቅል መጠበቅ የኛ የመምህራኑ ፋንታ ነው።