ሐኪም ሳይሆን የሐኪሞችን ትምህርት የቀየረው ሰው



ከኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቁ ጓደኞቻችን ሲሰባሰቡ ጨዋታቸው ዞሮ ዞሮ ካሪኩለም ላይ ያርፋል። የትኛው ኮርስ ይውጣ፣ የትኛው ይግባ፣ ለመመረቅ ስንት ክሬዲት ይበቃል፣ ተማሪውስ ምን አውቆ ይምጣ? እኔ ሐኪም ነኝ፤ ስለ ፕሮግራሚንግ ብዙ የምለው የለኝም። ግን የእኛ ሙያ ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ተጠይቋል። ጠያቂው አብርሃም ፍሌክስነር ይባላል፤ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሌክስነር በ1866 በአሜሪካ፣ ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዶች ነበሩ፤ ከዘጠኝ ልጆቻቸው እሱ ስድስተኛው ነው። ታላቅ ወንድሙ ጄኮብ እየከፈለለት ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በሁለት ዓመት ጨርሶም በ1886 ተመረቀ። ከዚያ አገሩ ተመልሶ አስተማሪ ሆነ፤ ቆይቶም የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። እዚያ መደበኛ ፈተና የለ፣ ማርክ የለ፤ ተማሪዎቹ ግን ትልልቅ ኮሌጆች ይገቡ ነበር።

በ1908 የአሜሪካን ኮሌጆች የሚተች መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ ምክንያት የካርኔጊ ፋውንዴሽን ኃላፊ ሄንሪ ፕሪቸት የሕክምና ትምህርት ቤቶችን እንዲያጠና ጠየቀው። ፍሌክስነር ከሐኪሙ ወንድሙ ከሳይመን ጋር ያምታቱት መሰለው፤ እሱ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ ረግጦ አያውቅማ! ፕሪቸት ግን የፈለገው ሐኪም ሳይሆን አስተማሪ ነበር።

በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ 155 ትምህርት ቤቶችን አዳረሰ። በየሄደበት የሚያየው አምስት ነገር ነው፦ የመግቢያ መስፈርቱን፣ የመምህራኑን ብዛትና ችሎታ፣ ገንዘቡን፣ ላቦራቶሪውን፣ ሆስፒታሉን። ካታሎግ ላይ የተጻፈውን አላመነም። አንድ ትምህርት ቤት በሮቹ ላይ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ እያለ ለጥፏል፤ በሮቹ ግን ተቆልፈዋል፣ ቁልፍ ያዡም ጠፋ ተባለ። ፍሌክስነር የሚሄድ መስሎ ወጣና ተመልሶ መጣ፤ ለጥበቃው አምስት ዶላር ሰጥቶ አስከፈተ። ውስጡ ከወንበር፣ ከጠረጴዛና ከጥቁር ሰሌዳ በስተቀር ምንም አልነበረም።

በ1910 ሪፖርቱ ወጣ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ክፍያ የሚኖሩ የንግድ ቤቶች መሆናቸውን በስም እየጠራ አጋለጠ። ከ155ቱ 31 ብቻ እንዲቀሩ መከረ። ተማሪው ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ ተምሮ ይግባ፤ መጀመሪያ ላቦራቶሪ፣ ቀጥሎ የታካሚ አልጋ አጠገብ ይማር አለ። እኛም ዋርድ ከመግባታችን በፊት አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ ስናጠና ያደርነው የዚሁ ቅደም ተከተል ወራሾች ስለሆንን ነው። ያልሠለጠነ ሐኪም ሰው ይገድላልና፣ የዳነው ሕይወት ቀላል አይደለም።

ግን ሌላም ወገን አለው። በዚያ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን የሚያስተምሩ ሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እሱ እንዲቆዩ የመከረው ሁለቱን፣ ሃዋርድንና ሜሃሪን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አምስቱ በ1923 ሁሉም ተዘግተው ነበር። የጥቁር ሐኪም ሥራ በዋናነት የራሱን ወገን ንጽሕና ማስጠበቅ እንደሆነም ጽፏል። መስፈርቱ ሲጠነክርና ወጪው ሲንር የድሃ ልጅም በሩ ጠበበው። ለእነዚህ ልጆች ሌላ መንገድ አልተዘጋጀላቸውም። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2020 ስሙን ከትልቁ ሽልማቱ ላይ ያነሳው በዚህ የተነሳ ነው።

የሚገርመው የኋላ ሥራው ነው። ባምበርገር የሚባሉ ባለጸጋ ወንድምና እህት የሕክምና ትምህርት ቤት እንክፈት ብለው ሲያማክሩት ሐሳባቸውን አስለወጣቸው። በ1930 በፕሪንስተን የከፍተኛ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ እሱም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ኮርስ የለ፣ ዲግሪ የለ፣ ክሬዲት የለ፤ ምሁሩ የመሰለውን ይመርምር። አይንስታይንና ጆን ፎን ኖይማን እዚያ ገቡ። ፍሌክስነር በ1939 ከለቀቀ በኋላ ፎን ኖይማን በዚያው ተቋም ያሠራው ኮምፒውተር ለብዙ የዘመኑ ኮምፒውተሮች ሞዴል ሆነ። ያን ጥብቅ መስፈርት የጻፈ ሰው ያለ መስፈርት በከፈተው ቤት የእናንተ ሙያ አንዱ ሥር በቀለ ማለት ነው። ፍሌክስነር በ1959፣ በ92 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሉ መምህራን ሆይ፣ ኮርስ ስትከልሱ ከሁሉ በፊት የተቆለፈውን ክፍል አስከፍቱ፤ ካታሎጉ ላይ ያለው ላብ እውን ይሠራል? የመግቢያ መስፈርት ስትጨምሩ ደግሞ ኮምፒውተር መጀመሪያ የነካው ግቢያችን ገብቶ የሆነውን የገጠር ልጅ አስቡት። መመዘኛውን ዝቅ አድርጉለት አልልም፤ ሐኪም እንዲህ አይልም። የሚደርስበትን ማካካሻ ኮርስና የላብ ሰዓት ግን ከአዲሱ መስፈርት ጋር አንድ ላይ አጽድቁለት፤ በኋላ እናስብበታለን የተባለ ነገር ያው ይቀራል።