የዶክተር አክሊሉ ለማ አጭር የሕይወት ታሪክ

እድር የተቋቋመው ወገንን በወግ ለመቅበር ነው። ሆኖም ቀብር እንዲያንስ የደከሙትን ማሰብም የእኛው ፋንታ ነውና ዘንድሮ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ እናቀርባለን።

ዶክተር አክሊሉ በ1928 ዓ.ም. ጅጅጋ ተወለዱ። አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ተባሉ። ሙያቸው በሰው ገላ ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ተውሳኮችን ማጥናት ነበር። የዚህ ሙያ ዋና መሣሪያ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ነው።

በየጤና ጣቢያው የምናየው ማይክሮስኮፕ በብርሃን የሚሠራው ነው። ብርሃኑ ከሥር ተነሥቶ በመስታወት ላይ በስሱ የተቀባውን ሰገራ ያልፋል። የታችኛው ሌንስ 40 ጊዜ፥ ዓይን የሚጠጋው 10 ጊዜ ቢያጎላ፥ ተባዝቶ 400 ይሆናል። በጎኑ እሾህ ያለው የብልሃርዚያ ዕንቁላል በዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀንድ አውጣን ለመመርመር ግን በሁለት ዓይን የሚያዩበት፥ ማጉላቱ አነስ ያለ ሌላ ዓይነት አለ። እንደ ቫይረስ ያለውን እጅግ ደቃቅ ነገር የሚያሳየው በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራው ነው።

የብልሃርዚያ ዕንቁላል ከሰገራ ጋር ወንዝ ሲገባ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ዐድዋ ወንዝ ዳር ሆነው ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። አረፋውን ሕይወት ባላቸው ላይ ቢያስጨምሩ እነሱም ሞቱ። ይህን ያዩት ታዲያ በማይክሮስኮፕ አይደለም፤ በባዶ ዓይናቸው ነው። እንዶዱም እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ የሚያነጡበት፥ ሁላችን የምናውቀው እንዶድ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ፥ በሽታው የተገኘባቸው ሕፃናት ከ100 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። ይሁን እንጂ የውጭ ድርጅቶች ግኝቱን ቶሎ አልተቀበሉትም። እርሳቸው ግን ሥራውን አልተዉትም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።

እኛ የደብረ ኤልያስ ሰዎች ከዚህ ምን እንያዝ? እንዶድ ዓሣም ይገድላልና ማንም በገዛ እጁ ወንዝ ውስጥ አይጨምረው፤ ለመድኃኒት ብሎም አይጠጣው። ብልሃርዚያ በጣና ዙሪያ ስላለ፥ ወደዚያ ለሥራ ደርሶ የመጣ ልጅ ሆዱን ካመመው ሰገራውን ያስመርምር፤ ማፈር አይገባም። የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ግን መጀመሪያ ዕንቁላሉ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ለዶክተር አክሊሉ አፈሩን ያቅልልላቸው።