ዳግ ሐመርሾልድና የንዶላው ሌሊት

በ1954 ዓ.ም. መስከረም 8 ቀን፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፥ አንድ ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን በሰሜን ሮዴዢያ፥ በዛሬይቱ ዛምቢያ፥ በንዶላ ከተማ አጠገብ ጫካ ውስጥ ወድቆ ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 16 ሰዎች አንዱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ነበሩ። አይሮፕላኑ ለምን እንደ ወደቀ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩን ለመመዘን ግን አስቀድሞ የሰውየውን ሕይወት ማወቅ ይገባል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሐመርሾልድ በ1905 በስዊድን አገር በዮንሾፒንግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ልጅነታቸውን በኡፕሳላ አሳልፈው በ1933 በኤኮኖሚክስ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያም በገንዘብ ሚኒስቴርና በብሔራዊው ባንክ በከፍተኛ ሥልጣን ሠሩ። ትዳር አልያዙም፤ ሌሊቱን በመጻሕፍት፥ ቀኑን በሥራ የሚያሳልፉ ሰው ነበሩ።

በ1953 ለዋና ጸሐፊነት ሲመረጡ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ሥራቸው ግን ቶሎ አስታወቃቸው። በ1955 ወደ ፔኪንግ ሄደው ስለ ታሰሩት የአሜሪካ አይሮፕላን ሠራተኞች ተነጋገሩ፤ እስረኞቹም በዚያው ዓመት ተፈቱ። በ1956 በሱዌዝ ጠብ ጊዜ የድርጅቱ የመጀመሪያ የሰላም አስከባሪ ጦር እንዲቋቋም አደረጉ። የአፍሪካ የኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ተቋቁሞ በአዲስ አበባ የተቀመጠውም በእሳቸው ዘመን ነው። እምነታቸው አንድ ነበር፤ የድርጅቱ አገልጋይ ከሕጉ በቀር ከማንም መንግሥት ትእዛዝ አይቀበልም የሚል።

ይህ እምነት በኮንጎ ተፈተነ። አገሪቱ በ1960 ነጻ በወጣች በጥቂት ቀናት ውስጥ በማዕድን የከበረችው ካታንጋ በሞይዝ ቾምቤ መሪነት ተገነጠለች። የማዕድኑ ኩባንያ ሀብትና የውጭ ቅጥረኛ ወታደሮች ከጀርባዋ ነበሩ። የድርጅቱ ጦር ገባ፤ የኛም ወታደሮች አብረው ዘመቱ። በጃኑዋሪ 1961 ፓትሪስ ሉሙምባ ሲገደሉ ብዙ አፍሪካውያን ሐመርሾልድን ወቀሱ፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሞስኮ ደግሞ ከሥልጣን ይውረዱ አለች፤ ታናናሾቹ አገሮች ድርጅቱ ያስፈልጋቸዋል ብለው እንቢ አሉ። የካታንጋ ሰዎችና ደጋፊዎቻቸው በበኩላቸው ጠሏቸው። እንግዲህ በዚያ ወራት ጠላታቸው ከየአቅጣጫው ነበር።

በሴፕቴምበር 1961 በካታንጋ ውጊያ ተነሣ። አንድ የካታንጋ ጄት ተዋጊ የድርጅቱን ጦር ከሰማይ ይደበድብ ነበር፤ ይህን ለመቋቋም የተጠየቁት የኢትዮጵያ ጄቶች ኮንጎ የደረሱት ዋናው ጸሐፊ ከሞቱ በኋላ ነው። ሐመርሾልድ ቾምቤን አነጋግረው ተኩስ ለማስቆም በ17ኛው ቀን አልበርቲና በተባለችው ዲሲ 6 አይሮፕላን ከሌዎፖልድቪል ተነሡ። ተዋጊውን በመፍራት መንገዱ ዞረ፥ ሬዲዮውም ዝም አለ። ሌሊት አብራሪዎቹ የንዶላን መብራት ማየታቸውን አስታወቁ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው አልተሰማም። የሚጠብቁት ሹማምንት ወደ ሌላ ስፍራ ሄደው ይሆናል ብለው ተበተኑ። ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የራቀው ስብርባሪ መገኘቱ የታወቀው ከ15 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በሕይወት የተገኘው አንድ የጥበቃ ባልደረባም ከጥቂት ቀናት በኋላ በሆስፒታል ሞተ።

ስብርባሪው ምን መሰከረ? ጎማዎቹ ለማረፍ ወርደዋል፤ ሞተሮቹ ይሠሩ ነበር፤ አይሮፕላኑም የዛፎቹን ጫፍ እየቆረጠ በዝግታ አዘቅዝቆ ነው የገባው። ይህ ሁሉ ከመጠን በላይ ዝቅ ብሎ የበረረን ሰው ስሕተት ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛው አካሉ በእሳት ቀልጧል፤ ተመትቶ ቢሆን ምልክቱ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የዓይን ምስክሮችስ? በጫካው ዙሪያ ያደሩ ከሰል አክሳዮች ሁለተኛ፥ አነስ ያለ አይሮፕላን በላይ እንዳዩ፥ አንዳንዶቹም ከመውደቁ በፊት ብልጭታ እንዳዩ ተናገሩ። የቆሰለው የጥበቃ ሰው ስለ ፍንዳታ ተናግሮ ነበር፤ የትኩሳት ቅዠት ነው ተብሎ ተተወ። የሮዴዢያ መርማሪ ኮሚሽን በ1962 የከሰል አክሳዮቹን ቃል ንቆ ጥፋቱን በአብራሪው ላይ ጣለ። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ግን በዚያው ዓመት የትኛውንም ምክንያት ማረጋገጥም ማስወገድም አልቻለም።

ጥቁር ሠራተኛ በነጭ ገዢ ፊት በሚፈራበት አገር የተናቀ ቃል ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የተናቀ ስለ ሆነ ብቻም እውነት አይሆንም፤ በሌሊት በእሳት የሚወርድን ነገር ያየ ሰው እሳቱ ከመውደቁ በፊት ይሁን በኋላ ሊደባለቅበት ይችላል፤ ከ50 ዓመት በኋላ ሲጠየቅማ ይበልጡን። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን ነው። በ2011 የእንግሊዛዊቷ የታሪክ ጸሐፊ የሱዛን ዊሊያምስ መጽሐፍ ጉዳዩን ቀሰቀሰው፤ በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በታንዛኒያው ዳኛ በመሐመድ ቻንዴ ኦትማን መሪነት እንደገና አስመረመረ። ሐመርሾልድ ከወደቁ በኋላ በጥይት ተገደሉ የሚለው ወሬ የሐኪሞች ማስረጃ ስለ ተቃወመው ተጣለ። የከሰል አክሳዮቹ ቃል ግን ክብደት አገኘ። ኦትማን በ2017 የውጭ ጥቃት ወይም ማስፈራራት ለአደጋው ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ፤ የአብራሪ ስሕተትም ሊሆን መቻሉን አልካዱም። ከዚያ ወዲህ ባቀረቡት መግለጫ ደግሞ እንግሊዝ፥ አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ የያዙትን ምስጢራዊ ወረቀት በሙሉ እንዳልከፈቱ አመለከቱ።

ወሬ የሚፋፋው ሕዝብ ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። ያየ ሰው ሳይሰማ፥ መዝገብ ሳይከፈት ፍርድ ሲሰጥ ባዶውን ስፍራ ወሬ ይሞላዋል። የሮዴዢያ መርማሪዎች ከሰል አክሳዮቹን በእኩል ጆሮ ሰምተው ቢሆን፥ የዛሬው ጥርጣሬ እኩሌታው ባልኖረ ነበር።

ሐመርሾልድ በዚያው በ1961 ከሞቱ በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው፤ በኡፕሳላ ተቀበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የኃያሉንና የደካማውን ነገር በአንድ ሚዛን ለማየት ለደከሙ ሰው ከሽልማቱ ይልቅ የሚመጥናቸው፥ የኃያሉን መዝገብና የከሰል አክሳዩን ቃል እኩል የሚመዝን ፍርድ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋት ግን በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ የንዶላው እውነት የሚመጣው መዝገቡን የያዙት ሲከፍቱት ነው።