የታንጀሩ ልጅ፦ ኢብን በጡጣ ከአገሩ ወጥቶ እስኪመለስ

ዱባይ ያላችሁ ኢብን በጡጣ የሚባለውን የገበያ ማዕከል ታውቁት ይሆናል። የማዳምን ልጆች ይዛችሁ የገባችሁም አትጠፉም። ክፍሎቹ በቻይና፣ በህንድ፣ በፋርስ፣ በግብፅ፣ በቱኒዚያና በአንዳሉስ አምሳል የተሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የስሙ ባለቤት ብዙ አገር የዞረ ሰው ነው። ዛሬ የእሱን ሕይወት እናውጋችሁ።

ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1304 ሞሮኮ ውስጥ ታንጀር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ዐረቦቹ ጣንጃ ይሏታል። ሜዲትራኒያንና አትላንቲክ የሚገናኙት እዚያ ነው። ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ቀን ከአሮጌው ከተማ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ብታዩ የስፔን ተራሮች ከባሕሩ ማዶ ይታያሉ። ቤተሰቡ ቃዲዎች፣ ማለትም የሸሪዓ ዳኞች ነበሩ። እሱም ያንኑ ትምህርት ተማረ።

በሰኔ 1325፣ በ21 ዓመቱ፣ ለሐጅ ብሎ ብቻውን ከቤት ወጣ። እናትና አባቱ በሕይወት ነበሩ፤ መለያየቱ ለሁሉም ከብዷቸው ነበር። መንገድ ላይ ትኩሳት ያዘው። ከኮርቻው እንዳይወድቅ በጥምጣሙ ራሱን አስሮ ተጓዘ። ቱኒስ ሲደርሱ የከተማው ሰው ወጥቶ እንግዶቹን አንድ በአንድ ሰላም አለ። እሱን ግን የሚያውቀው አልነበረምና ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ አለቀሰ። አንድ መንገደኛ ነገሩ ገብቶት ቀርቦ አጫወተው። አዲስ አገር ገብታችሁ ኤርፖርት ላይ ሰው ስትጠብቁ የዋላችሁ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ።

መካ ደረሰ፤ ወደ ቤቱ ግን አልተመለሰም። ኢራቅንና ፋርስን አየ። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ንግድ ወደ ባሕር የሚወጣባትን ዘይላን የረገጠው በ1330 ገደማ ነው። የከተማዋ የዓሣና የግመል ደም ሽታ ስላስቸገረው ሌሊቱን መርከብ ላይ አደረ። እስከ ኪልዋ ወርዶ በኦማን በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው መጣ። ስለ ዕንቁ ጠላቂዎቹም ጽፏል። ወገባቸውን በገመድ አስረው፣ አፍንጫቸውን ቆንጥጠው ይጠልቃሉ። ያወጡትን ዕንቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴው በብድራቸው ይወስደዋል።

ከዚያ ህንድ ሄደ። ደልሂ ላይ ሱልጣኑ ቃዲ አድርጎ ትልቅ ደመወዝ ቆረጠለት። ሱልጣኑ ለጋስም ጨካኝም ስለነበር ኢብን በጡጣ በሀብትና በፍርሃት መሀል ኖረ። በመጨረሻ ወደ ቻይና መልእክተኛ ተደርጎ ተላከ፤ ካሊከት ወደብ ላይ ማዕበል መርከቡን ሰበረው፤ ንብረቱንም አጣ። ማልዲቭስ ላይ እንደገና ቃዲ ሆነ፤ ኋላም ቻይና ደረሰ።

አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሴት ባሪያዎችን ይገዛና ይሸጥ ነበር። ምግቡን ያበሰሉለት፣ ልጅ የወለዱለት እነሱ ናቸው። የአብዛኞቹን ስም ግን አልጠቀሰም። እነሱም አገርና እናት ነበራቸው።

በ1348 ደማስቆ ላይ የአገሩን ሰው አገኘና ስለ ቤተሰቡ ጠየቀ። መርዶው የቆየ ነበር፤ አባቱ ከሞቱ 15 ዓመት ሆኗቸዋል። እናቱ ግን አሉ ተባለ። በዚያ ዓመት ታላቁ ወረርሽኝ ከተማውን ሁሉ እየፈጀ ነበር። እሱ ግን በቀጥታ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በካይሮ አልፎ አንድ ጊዜ እንደገና መካ ሄደ። በ1349 ሞሮኮ ገብቶ ታዛ የምትባል ከተማ ሲደርስ እናቱ በወረርሽኙ መሞታቸውን ሰማ። ታንጀር የደረሰው መቃብራቸውን ለማየት ብቻ ሆነ። ከወጣ 24 ዓመት አልፎት ነበር።

ይህን ክፍል በዐረብኛው ሳነብ ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አጭርነቱ ነው። ስለ ሱልጣኖች ድግስ ገጽ በገጽ የሚተርክ ሰው ስለ እናቱ ሞት ጥቂት ቃላት ብቻ ተናግሮ ያልፋል። መርዶ ከስደት ሆኖ የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

ታንጀርም አላስቀመጠችውም። አንዳሉስን አየ፤ ሰሐራን አቋርጦ ማሊ ደረሰ። ሲመለስ የተቀላቀለው ቅፍለት 600 ሴት ባሪያዎችን ይነዳ ነበር። በ1355 ፌዝ ላይ ያየውን ሁሉ ለኢብን ጁዘይ ነግሮ አስጻፈ፤ መጽሐፉ ሪሕላ፣ ማለትም ጉዞ ተብሎ ይታወቃል። የዞረው መንገድ በግምት 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኋላም በአገሩ ቃዲ ሆኖ ኖሮ በ1368 ወይም በ1369 ሞተ።

ታንጀርን የማየት ዕድል ከገጠማችሁ፣ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች መሀል የእሱ ነው የሚባለውን ትንሽ መቃብር ያሳዩአችኋል። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል። የዛሬው የታንጀር ልጅ ሲሄድም ሲመለስም በዚያ በር ያልፋል።

ኢብን በጡጣ 24 ዓመት ሙሉ የእናቱን ድምፅ አልሰማም። እናንተ ስልክ አላችሁ። የዕረፍት ቀናችሁ ሳያልፍ ደውሉ።