ዊልሄልም ሺምፐርና የዐድዋ ቤተ ሰቡ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ መንደሮች ስታልፉ በየግቢው አጥር ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ፣ ቅጠሉ የለመለመ፣ አበባው ነጭ የሆነ ቁጥቋጦ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሰንሰል ይሉታል፤ ስሚዛ የሚሉትም አሉ። ልጆች ኳሳቸው ሲገባበት ቅርንጫፉን ገልጠው ይፈልጋሉ፤ ጎረቤታሞች በላዩ አሻግረው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ይህን ተክል የዕፀዋት ሊቃውንት ዩስቲሲያ ሺምፔሪያና ብለው ይጠሩታል። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ መጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከአገራችን ታሪክ ጋር የተሳሰረ የአንድ ሰው መታሰቢያ ነው። ያ ሰው በ19ኛው መቶ ዓመት ከጀርመን አገር መጥቶ፣ በትግራይ ጎጆ ቀልሶ፣ ልጆች ወልዶ፣ በዐድዋ ያረፈው ዊልሄልም ሺምፐር ነው። በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሺምፐር በ1804 በደቡብ ጀርመን፣ ከኑረምበርግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በላውፍ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ጀርመን በአንድ መንግሥት የተጠቃለለች አገር አልነበረችም፤ በብዙ ነገሥታትና መሳፍንት ግዛቶች ተከፋፍላ ነበር። ኑሮ የጠበባቸው ብዙ ጀርመናውያን ውቅያኖስ አቋርጠው ወደ አሜሪካ በተሰደዱበት በዚያ መቶ ዓመት የሺምፐር ዕጣ ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። ቤተ ዘመዶቹ በዕውቀት የታወቁ ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ የዕፀዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ የምድር ሰፊ ክፍል በበረዶ ተሸፍኖ እንደ ነበረ ካስረዱት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ነው፤ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ በ1837 ያወጣው እርሱ ነው። የአጎታቸው ልጅ ዊልሄልም ፊሊፕ ደግሞ በድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅለውን ሽበት በማጥናት በስትራስቡርግ ከተማ ስም አትርፏል። የእኛው ሺምፐር ግን ትምህርቱን የጀመረው ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያ ወታደርነትን ከቀመሰ በኋላ ወደ ሙኒክ ሄዶ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ።

በዚያ ዘመን በኤስሊንገን ከተማ ሆክስቴተርና ሽቶይደል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የመሠረቱት የጉዞ ማኅበር ነበረ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ዕፀዋት ወዳድ የሆኑ ሰዎች አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ማኅበሩ በዚያ ገንዘብ ወደ ሩቅ አገር ተጓዥ ይልካል፤ ተጓዡ ሰብስቦና አድርቆ የሚልከው ተክል ለእያንዳንዱ አባል እንደ መዋጮው ይከፋፈላል። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ተልኮ በ1831 ወደ አልጄሪያ፣ በ1834 ወደ ግብፅ ተጓዘ። አብሮት የወጣው ጓደኛው በካይሮ ሲሞትበት ብቻውን ጉዞውን ቀጥሎ የሲናን በረሃና የሂጃዝን ምድር ተመለከተ። ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ1837 ዐድዋ ገባ።

የዚህን ሰው የዕለት ሥራ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ተክሉን ከነሥሩ፣ ከነአበባውና ከነፍሬው መንቀል፤ በወረቀት መካከል አስተኝቶ በክብደት መጫን፤ እርጥበቱ እንዳያሻግተው ወረቀቱን ደጋግሞ መለወጥ፤ ቁጥር ሰጥቶ የተገኘበትን ቦታ መጻፍ፤ በመጨረሻም በበቅሎና በሰው ሸክም እስከ ምጽዋ፣ ከምጽዋም በመርከብ ወደ አውሮፓ መላክ። በክረምት አንድ ሳምንት ችላ ቢል የወራት ድካሙ ይበሰብሳል። ሺምፐር ይህን ሥራ በሶሎዳ ተራራ ላይ፣ በተከዜ ቆላ ውስጥና ጅብራ በሚበቅልበት በሰሜን ደጋ ለብዙ ዓመታት ሠራ። ከአንዱ ተክል ብዙ ቅጂ ስለሚሰበስብ፣ የኢትዮጵያ ሣርና ቅጠል በፓሪስ፣ በለንደን፣ በበርሊንና በሌሎችም ከተሞች መዛግብተ ዕፀዋት ውስጥ ተሠራጨ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ሺምፐር ተክሉን ቢለቅምም የተክሉን ጠባይ አስቀድሞ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነበር። የትኛው ቅጠል ቁስል እንደሚያደርቅ፣ የትኛው እንጨት ለማረሻ እንደሚሆን፣ የትኛው ሥር ከብትን እንደሚገድል የነገሩት ገበሬዎች፣ እረኞችና ባለመድኃኒቶች ናቸው። የሳይንሱ ስም የሺምፐርን መታሰቢያ ሲይዝ የእነርሱ ስም በየትኛውም መለያ ላይ አልታተመም። ስለዚህ የሺምፐርን ታሪክ ስታነቡ ከጎኑ የቆሙትን እነዚያን ሰዎች አትዘንጉ።

ማኅበሩ በ1840ዎቹ ሲፈርስ ሺምፐር የሚልክለትም የሚከፍለውም አጣ። እንደ እርሱ ያለ ሌላ ተጓዥ ቢሆን ሻንጣውን አስሮ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። እርሱ ግን በዚህ ጊዜ እንግድነቱ አልቆ ነበር። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወዳጅ አድርገውት የእንትጮን ወረዳ እንዲያስተዳድር ሰጥተውታል። ወደ ካቶሊክ እምነት ገብቶ፣ የአገሩን ሴት አግብቶ፣ ልጆችም ወልዷል። እህል በሚዘራበት ወቅት ከገበሬው ጋር ሰማይ እያየ፣ ግብር በሚገባበት ወቅት ከሹማምንት ጋር እየተቀመጠ የባላገር ኑሮ ኖረ። ተክል ሊነቅል የመጣው ሰው ራሱ ሥር ሰደደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደጃዝማች ውቤ በሰሜን፣ በደረስጌ፣ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ሺምፐርና ኤድዋርድ ዛንደር የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ በሥራው ተሳትፈው ነበር። ነገር ግን ታሪክ የሠሪውን ሐሳብ ሁልጊዜ አይጠብቅም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል ነሥተው ማረኩና፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ የደከሙበት ሕንፃ የባላጋራቸው የዘውድ በዓል መከበሪያ ሆነ። ሺምፐርም ከጌታው ጋር ሹመቱን አጣ፤ የእንትጮ አስተዳዳሪነቱ ቀረ።

ይሁን እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ድንችን በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር መሆኑን የእርሻ ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ገበሬው ይህን ከመሬት በታች የሚያፈራ እንግዳ ተክል ወዲያው አልተቀበለውም። ሰፊ ቦታ ማግኘት የጀመረው ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ፣ እህሉን አጥፍቶ፣ ሕዝቡን ሌላ ምግብ እንዲሻ ካስገደደው በኋላ ነው። ሺምፐር ያን ቀን ለማየት አልደረሰም። ዛሬ በጾም ቀን የድንች ወጥ በእንጀራ ሲቀርብላችሁ ይህ ምግብ በአገራችን ያለው ዕድሜ ከሁለት መቶ ዓመት ያነሰ መሆኑን ማን ያስባል?

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ማብቂያ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ በአገሩ የነበሩት አውሮፓውያን ሁሉ የጠቡ ተካፋይ ሆኑ። ያረጀው ሺምፐርም ከዐድዋ ርቆ ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ጋር እስከ መቅደላ ደረሰ። ከ1864 እስከ 1868 ባሉት በእነዚያ አስጨናቂ ዓመታት ስለ ትግራይ ዕፀዋት ሰፊ ጽሑፍ አዘጋጀ። በውስጡም የእያንዳንዱን ተክል የአገር ስም፣ የሚበቅልበትን ከፍታና አፈር፣ ሰው የሚጠቀምበትን መንገድ አንድ በአንድ መዘገበ። ሹመትና ነፃነት በራቁት ጊዜ ያልራቀው ሥራው ብቻ ነበር።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቃ እስረኞቹ ሲፈቱ በርካታዎቹ አውሮፓውያን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። ሺምፐር በዚያን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የትውልድ አገሩ መንገድ ተከፍቶለታል፤ ወንድሙ ካርል ግን በ1867 ሞቷል፤ ከወጣም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዐድዋ በኩል ደግሞ ቤቱና የሚያውቃቸው ተራሮች አሉ። ሺምፐር ፊቱን ወደ ዐድዋ መለሰ። በዚያም ተክል መልቀሙን ሳይተው ኖሮ በ1878፣ በ74 ዓመቱ ዐረፈ።

የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ መከታተል የአንድን ዛፍ ቅርንጫፍ እንደ መከታተል ነው። የሺምፐር ዘር አንዱ ቅርንጫፍ በአውሮፓ ቀረ፤ በስትራስቡርግ የነበረው የአጎቱ ልጅ የወለደው አንድሬያስ ሺምፐር የምድርን ዕፀዋት ከአየር ንብረታቸው ጋር አገናኝቶ በ1898 ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሌላው ቅርንጫፍ በኢትዮጵያ በቀለ። የዊልሄልም ወንድ ልጅ በጀርመን አገር ተምሮ ወደ እናቱ አገር ተመለሰ፤ ጌርሃርድ ሮልፍስ የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ በ1880 ወደ ዐፄ ዮሐንስ በመጣ ጊዜም በአስተርጓሚነት አገለገለው። አባት የአገሩን ስሞች ወደ ጀርመንኛ እንዳሻገረ፣ ልጅ ደግሞ በሁለቱ ሕዝቦች ንግግር መካከል ድልድይ ሆነ።

የሺምፐር ሥራም የራሱ ዕድል ገጠመው። በመጋቢት ወር 1943 በበርሊን ላይ በተጣለው ቦምብ የከተማዋ መዝገበ ዕፀዋት አብዛኛው ሲቃጠል ከሺምፐር የመጡት ተክሎች ብዙዎቹ አብረው ጠፉ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ብዙ ቅጂ ተሰብስቦ በልዩ ልዩ ከተሞች ተቀምጦ ስለ ነበረ ዕውቀቱ ፈጽሞ አልወደመም። በመቅደላ ዘመን የተጻፈው ጽሑፍም ወደ ለንደን ተወስዶ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ እያዩት ከተቀመጠ በኋላ በዚህ በእኛ ዘመን ተገልብጦ ለአንባቢ ቀርቧል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት የተመዘገቡበትን ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ከ1980 ጀምሮ ያዘጋጁት ሊቃውንትም የሺምፐርን ስብስብ ደጋግመው ሊመለከቱ ግድ ሆኖባቸዋል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስማቸው ያልተጠቀሰው ገበሬዎችና ባለመድኃኒቶች ለተክሉ ያወጡለት ስም ተጽፎ ይገኛል። ሰዎቹ ቢረሱም ቃላቸው ተርፏል።

እንግዲህ ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በሰንሰሉ አጥር አጠገብ ጥቂት ቁሙ። የምትኖሩበት የላፍቶ ስም ራሱ በኦሮምኛ ግራር ማለት መሆኑን አስታውሱ። ለአያቶቻችሁ ተክል የሰፈር ስም፣ መድኃኒትና አጥር ነበረ፤ ለሺምፐርም የሕይወቱ ሥራ ሆነ። የሚያውቁትን ነገር ሳይጠየቁና ሳይጻፍላቸው ያለፉት ብዙዎች ናቸው፤ ዛሬ በቤታችሁ ያሉትን ግን ለመጠየቅ ጊዜው አላለፈም።

መልመጃ

1. ሺምፐር ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላ ወደ አገሩ ያልተመለሰበትን ምክንያት ከምንባቡ በመነሣት አስረዱ።
2. በደረስጌ ማርያም ሕንፃና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ መጫን መካከል ያለውን ግንኙነት በሁለት ዐረፍተ ነገር ግለጹ።
3. ጎጆ ቀለሰ፣ ሥር ሰደደ፣ እጁን አጣጠፈ የሚሉት ፈሊጣዊ አነጋገሮች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ትርጉም ጻፉ፤ በእያንዳንዳቸውም የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር መሥርቱ።
4. በዕድሜ የገፉ ቤተ ዘመዶቻችሁን ጠይቃችሁ፣ ቤተ ሰባችሁ ከየት መጥቶ አሁን በሚኖርበት ሰፈር እንደ ሰፈረ የሚተርክ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።