ግንቡና ኪታቡ



ውድ የሞጣና የቢቸና ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ ጁሙዓ ነውና ሱረቱል ካህፍን ስትቀሩ ሊወድቅ ካዘመመው ግድግዳ ዘንድ ጥቂት ቆም በሉ። ኸድር (ዐ.ሰ) ያለ ምንም ክፍያ ያቀኑት ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ስለ ነበረ ነው። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ ያ ሀብት የተጻፈ ዕውቀት ነበር ብለዋል። ግድግዳው የቆመው ለራሱ ሳይሆን ከሥሩ ላለው ነበር ማለት ነው። ይህን ይዛችሁ ወደ ሐረሩ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ተከተሉኝ።

አሚር ኑር የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የእህት ልጅ ናቸው። ከኢማሙ ሞት በኋላ ባለቤታቸውን ባቲ ድል ወንበራን አገቡ፤ የሐረርንም አመራር ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1559 ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ፤ ንጉሡም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ድሉ ግን ለሐረር ዕረፍት አላመጣላትም። ረኃብና ወረርሽኝ ተከታተሉባት። አሚሩ ራሳቸውም በ1560ዎቹ መጨረሻ በዚያው ወረርሽኝ ወደ አኼራ ሄዱ። ረሒመሁላህ።

ታዲያ ምን ቀረላቸው? የጦርነቱ ድል በዘመኑ አለፈ። ከተማዋን ለመጠበቅ ያሠሩት ጁገል ግን፣ ከነ5 በሮቹ፣ ዛሬም ቆሟል። ዙሪያው ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በከተማዋ 82 መስጂዶችን ቆጥሯል።

አሁን ከግንቡ አልፋችሁ ወደ አንድ የሐረሪ ቤት ግቡ። በዋናው ክፍል ግድግዳ ውስጥ ጎድጎድ ብለው የተሠሩ የዕቃ ማስቀመጫዎች ታያላችሁ። አብዛኞቹ አናታቸው ቅስት ነው። ሁለቱ ግን አራት ማዕዘን ናቸው፤ የኪታብ፣ ከሁሉም በላይ የቁርኣን ቦታ ናቸው። ቅርጻቸው ቀብርን እንዲያስታውስ ነው ይባላል። ግንበኛው ገና ቤቱን ሲሠራ ለመጽሐፉ ቦታ ተወለት። የሐረር ጸሐፊዎችም ቁርኣንን በእጃቸው እየገለበጡ፣ በቆዳ እየደጎሱ ያንን ቦታ ሲሞሉ ኖሩ። የአሚሩ ግንብ ከውጭ ጠበቀ፤ ከውስጥ ያለው ንባብ ደግሞ ለግንቡ ትርጉም ሰጠው።

ወገኖቼ! በታኅሣሥ 2012 በሞጣ መስጂዶቻችን ሲቃጠሉ ያነባነውን እናስታውሳለን። የማነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የተቃጠለ ግድግዳ በሲሚንቶና በቆርቆሮ ይመለሳል። ልጆቻችን ካልቀሩ ግን የሠራነው መስጂድ የየቲሞቹ ሀብት የጠፋበት ግድግዳ ይሆናል። ለሚናራ ስናዋጣ ለልጁ ሎህ፣ ለኡስታዙ ደመወዝ፣ ለቤታችን ግድግዳም አንዲት የቁርኣን መደርደሪያ እንዳንረሳ። መደርደሪያዋም አቧራ እንዳትለብስ።

አላህ ቤቶቹን በአንባቢዎች ይሙላልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።